ጓዳ ውስጥ የቀረው ደን

አሮጌ ሳጥን ወይም ቁም ሳጥን ፈልጎ ወደ ሥራ ቤቴ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ ዋጋውን፣ ቀጥሎ ዕድሜውን ይጠይቀኛል። እኔ አስቀድሞ ቢጠይቀኝ የምወደው ከየትኛው ዛፍ እንደ ተሠራ ነው። የተወለድኩት ሱሉልታ ነው፤ አናጢነት የተማርኩት ፒያሳ፣ አሁን የምሠራው ከዓለም ገና ወደ ሰበታ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ልጄ ደግሞ ጎጆ የወጣችው ቡራዩ ነው። በእነዚህ ከተሞች መካከል ስመላለስ ብዙ ሳጥን ፈትቻለሁ፣ ብዙ ቁም ሳጥን መልሼ ገጥሜአለሁ። ከዚህ ሥራ የተረዳሁት፣ አዲስ አበባን ከከበቡት ተራሮች የጠፋው ደን ሁሉም ማገዶ ሆኖ እንዳላለቀ ነው። ከፊሉ ልብስ ታጥፎበት፣ ቁልፍ ተበጅቶለት በየሰው ጓዳ ቆሟል።

ሳጥን ድሮ በየቤቱ የሚገኝ ዕቃ አልነበረም። አያቴ ቤት እህሉ በጭቃና በጭድ በተሠራ ጎታ፣ ዱቄቱ በስልቻ፣ ወተቱ በጮጮ፣ ቅቤው በቅል፣ እንጀራው በመሶብ ይቀመጥ ነበር። ድሪና የብር መስቀል ሙዳይ ውስጥ ይገባሉ። ጋቢና በርኖስ ምሰሶው ላይ ከተመታው ችካል ወይም ከበሬ ቀንድ ላይ ይሰቀላሉ፤ ቦታ ያጣው ቆጥ ላይ ይወጣል። ይህ ሁሉ ማስቀመጫ ነው፤ ከሳንቃ የተሠራ ግን አንድም የለበትም። ምክንያቱ ሙያ ማጣት አይደለም። መጋዝ ሳይለመድ በፊት ሳንቃ የሚወጣው ግንዱ በሽብልቅ ተሰንጥቆ፣ ከዚያ በመጥረቢያ ተጠርቦ ነው። ከአንድ ትልቅ ጽድ የሚገኘው ጥቂት ሳንቃ ነው፤ የቀረው ፍልጥ ሆኖ ወደ ምድጃ ይሄዳል። እንዲህ በላብ የተገኘ ሳንቃ ለቤተ ክርስቲያን በርና መስኮት፣ ለመኳንንት አዳራሽ ይውላል እንጂ ለገበሬ ልብስ ማስቀመጫ አይተርፍም።

በክብር ሳጥን የሆነው እንጨት መቅደስ ውስጥ ነበር። ታቦቱ የሚያርፍበት መንበር ለአናጢ ዓይን እግርና ሆድ ያለው ሳጥን ነው። ላሊበላ ውስጥ የንጉሥ ላሊበላ ስም በግእዝ የተቀረጸባቸው የእንጨት መናብርት አሉ፤ 800 ዓመት ገደማ ሆኗቸዋል። እንጨት ያን ያህል እንደሚኖር ለደንበኞቼ ስነግር ብዙዎቹ ይገረማሉ። አሮጌ እንጨትን የሚገድለው ዕድሜው አይደለም፤ ከሥር የሚመጣ እርጥበት ነው። ከወለል ከፍ ብሎ፣ ነፋስ እያገኘ የኖረ እንጨት ሠሪውንም የልጅ ልጆቹንም ያሳልፋል። ስለዚህ ሳጥን ልገዛ የሄድኩበት ቤት ስገባ መጀመሪያ የማየው እግሩን ነው፤ ጭቃ ወለል ላይ በቀጥታ የተቀመጠ ከሆነ ሥሩን ሳልገለብጥ ዋጋ አልናገርም።

የእኛን አካባቢ ሳጥኖች ለመረዳት ቀና ብሎ ወጨጫን ማየት ያስፈልጋል። ከሰበታ በላይ የሚታየው ይህ ተራራ ከፍታው ከ3,300 ሜትር ያልፋል፤ በምዕራብ በኩል ያለው ጎኑ የመናገሻ ሱባ ደን ነው። ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ታሪክ እንደሚለው፣ በ15ኛው መቶ ዓመት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በሰሜን ሸዋ ካለው ከወፍ ዋሻ ደን የጽድ ዘር አስመጥተው ያስተከሉት ነው። በአፍሪካ ሆን ተብሎ ከተጠበቁት ደኖች ቀደምት ከሚባሉት አንዱ መሆኑን ብዙ ሰው ይናገራል። ጽድ፣ ዝግባ፣ ኮሶና ጥቁር እንጨት ዛሬም አሉበት። የእንጦጦ ጀርባ፣ ወደ ሱሉልታ የሚያወርደው ዳገት፣ ከቡራዩ በላይ ያለው ጋራም በዘመኑ ጽድና ወይራ የለበሰ ነበር። እነዚህን ዛፎች ያላየ ሰው መዓዛቸውን ከአሮጌ ሳጥን ውስጥ ሊያገኘው ይችላል።

ደኑን የበላችው ከተማዋ ናት። ዐፄ ምኒልክ በመጀመሪያ እንጦጦ ላይ ከተሙ፤ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተቆረቆረች። ሠራዊቱ፣ መኳንንቱና ከተሜው በአንድ ቦታ ሲሰፍር ለማገዶውም ለቤቱም የሚቆረጠው እንጨት በጥቂት ዓመታት ውስጥ እየራቀ ሄደ። በ1890ዎቹ መጀመሪያ ንጉሠ ነገሥቱ መናገሻቸውን ዛሬ ቡራዩ ባለችበት መንገድ ወደ ምዕራብ፣ ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው ግንባታም አስጀምረው ነበር። አዲስ አበባን ባለችበት ካቆዩዋት ነገሮች ዋናው ባሕር ዛፍ ነው። ዘሩ ከባሕር ማዶ የመጣው ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ነው፤ ቶሎ አድጎ ራቁቷን የቀረችውን እንጦጦን አለበሳት፣ የከተማዋንም ምድጃ ሞላ። ለባሕር ዛፍ ትልቅ አክብሮት አለኝ፤ ባይኖር ኖሮ የቀረው ጽድ ሁሉ ይነድ ነበር። ለሳጥን ግን አልመርጠውም፤ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ከጫፉ ይሰነጠቃል።

በዚያው ዘመን መጋዝ ገባ። ለቤተ መንግሥቱና ለመኳንንቱ ቤቶች ሥራ የመጡ የህንድ፣ የአርመንና የግሪክ ባለሙያዎች እንጨት ሲሠሩ ያየ የአገር ልጅ ሙያውን ቀሰመ። ግንዱ በመጥረቢያ መጠረቡ ቀርቶ በሁለት ሰው በሚሳብ መጋዝ ሲቀደድ፣ አንድ ሁለት ሳንቃ ይሰጥ የነበረው ዛፍ ብዙ ሳንቃ መስጠት ጀመረ። ሳጥን ከመኳንንት ጓዳ ወጥቶ ወደ ባላገርና ወደ ነጋዴ ቤት የገባው በዚህ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ። በ1909 ዓ.ም. ደግሞ ባቡር አዲስ አበባ ደረሰ። ማጠፊያ፣ ብሎን፣ የመሳቢያ እጀታና የሚከረቸም ቁልፍ ከጅቡቲ በባቡር መምጣት ጀመሩ። የሰው ቁመት ያህል መስታወት በግመልና በበቅሎ ጀርባ ያን ሁሉ በረሃ ሳይሰበር ማሻገር ጭንቅ ነበር፤ በባቡር ግን ይመጣል። ባለ መስታወት ቁም ሳጥን እንዲኖረን መንገዱን የከፈተው ይህ ነው።

እናቴ ወደ ትዳር ስትገባ ይዛው የመጣችው ሳጥን አሁንም ከእኔ ጋር ነው። የጽድ ነው፤ ክዳኑ ከአንድ ሳንቃ የወጣ ነው፤ እንዲህ ያለ ሳንቃ ዛሬ ማንም አያመጣልኝም። ውስጡ በግራ በኩል ጥግ ላይ የራሷ ትንሽ ክዳን ያላት ክፍል አለች፤ ማርያ ትሬዛ ብርና የጣት ቀለበት የሚቀመጠው እዚያ ነው። ዋናው ሆዱ ውስጥ ከላይ ለዓመት በዓል የሚለበሰው ባለ ጥበብ ቀሚስ፣ ከሥሩ አዲስ ጋቢ፣ ከዚያ በታች የግብር ደረሰኞች በጨርቅ ተቋጥረው፣ ከሁሉም በታች ለመገነዣ የተቀመጠ አቡጀዲ ይገኝ ነበር። ቁልፉ ከእናቴ መቀነት አይለይም፤ አባቴ እንኳ ደረሰኝ ሲፈልግ እሷን ይጠይቅ ነበር። በልብሱ መካከል አሪቲና ጠጅ ሳር ይገባል። እንዲያም ሆኖ ልብሱን ከብል የጠበቀው ሳጥኑ ራሱ ይመስለኛል፤ የጽድ እንጨት ሽታ ነፍሳትን ያርቃል። እንግዳ ሲበዛ ክዳኑ ላይ ቁርበት ይነጠፍና መቀመጫ ይሆናል። ዛሬም ከውስጥ በኩል ጥግ ላይ በስለት ጫር ሳደርገው ሽታው ይነሳል።

ጣሊያን በአገራችን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየባቸው ዓመታት የቤት ዕቃ መልኩ ተቀየረ። አልጋው ከእነ ኮመዲኖው፣ ልብሱ ታጥፎ ሳይሆን ተሰቅሎ የሚቀመጥበት ረጅም ቁም ሳጥን፣ ሳህንና ብርጭቆ የሚደረደርበት ቡፌ በከተማ ተለመዱ። ጀርባው በኮምፔንሳቶ የሚዘጋ ዕቃም ያን ጊዜ በዛ። ሙያውን ያስተማሩኝ ጌታዬ ነፍሳቸውን ይማርና ከጣሊያን አናጢዎች ጋር የሠሩ ነበሩ፤ የመሳቢያን ጠርዝ ጥርስ በጥርስ ቆርጠው ያለ ምስማር ሲያጋጥሙ አይቼ ነው ሌላ ሙያ የማልፈልግ መሆኔን ያወቅሁት። «ምስማር የሚመታው የተቸኮለ ነው፤» ይሉኝ ነበር።

የመንገዱም ነገር መረሳት የለበትም። ሱሉልታ የጎጃም በር ናት፤ ቡራዩ የወለጋ፣ ሰበታ የጅማ። የእኛ ደጋ ለጽድና ለኮሶ እንጂ ለዋንዛ ብዙም አይመችም፤ ዋንዛ የወይና ደጋ ዛፍ ነው፤ በጎጃም፣ በወለጋና በጅማ በየገበሬው ማሳ ሳይቀር ይቆማል። የመኪና መንገዱ ከተጠረገ በኋላ የዋንዛ ጣውላ በእነዚህ በሮች ወደ ከተማ ገባ። ስለዚህ አንድ አሮጌ ሳጥን ጽድ ከሆነ ከዚሁ ከአካባቢው ተራራ፣ ዋንዛ ከሆነ ከሦስቱ መንገዶች በአንዱ የመጣ ነው ብዬ እገምታለሁ፤ ግምቴንም ብዙ ጊዜ የቤቱ ባለቤቶች ታሪክ ያጸናልኛል።

ከነጻነት በኋላ የደመወዝተኛው ጊዜ መጣ። አዳሪ ትምህርት ቤት የሚገባ ልጅና ወታደር በላዩ አበባ የተሳለበት የቆርቆሮ ሳጥን ይዞ ይሄዳል፤ ርካሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ ከአይጥም ያድናል። በ1950ዎቹ ሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካ ሰበታ ላይ ሲቋቋም ደመወዝ የሚቆረጥለት ሰው በከተማዋ በዛ። አሁን ለጥገና ከሚመጡልኝ ባለ ሦስት በር ቁም ሳጥኖች ብዙዎቹ በዚያ ዘመን የተገዙ ናቸው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ ደግሞ ቴሌቪዥን የገዛ ሰው በር ያለው ቡፌ ያሠራለታል፤ ማታ ዜናው ሲያልቅ በሩ ይዘጋል፣ ይቆለፋል፣ ላዩ ዳንቴል ይለብሳል። ከእነዚያ ቡፌዎች አንዱን ያገኘ ሰው ዛሬ ለመጻሕፍት ወይም ለቡና ዕቃ ቢያውለው እኩያ አያገኝለትም፤ ወርዱ ሰፊ፣ ጀርባው ጠንካራ ነው።

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትና ትርፍ የከተማ ቤት በአዋጅ ሲወረስ ሳጥን ሌላ ሸክም ተሸከመ። የርስት ወረቀት፣ የግብር ደረሰኝ፣ የቤት ካርታ ከሳጥን ወጥቶ ታየ፤ ከዚያም ባይጠቅምም ተመልሶ ገባ። አባቴ ደረሰኞቹን አልጣለም። አሮጌ ሳጥን ስፈታ ከመሳቢያ ኋላ ወይም ከወለሉ ሳንቃ ሥር እንዲህ ያለ ወረቀት አገኛለሁ። ለባለቤቱ ሳልመልስ ሥራ አልጀምርም፤ የገዛችሁትም ብትሆኑ ለሸጠላችሁ ቤተሰብ መልሱለት።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን ጥበቃ፣ ልማትና አጠቃቀም አዋጅ፣ ቁጥር 94፣ ጽድን፣ ዝግባን፣ ዋንዛንና ኮሶን ከመንግሥትና ከጥብቅ ደኖች መቁረጥን ከለከለ። ደግ ሠራ፤ እንዲያውም ዘገየ። አናጢው ግን ወደ ቺፑድና ወደ ኤምዲኤፍ ዞረ። በእነዚህ የሚሠራ ዕቃ ሲገዙት ያምራል፤ እንደ ሱሉልታና ቡራዩ ባለ እርጥብ ደጋ ግን ሁለት ሦስት ክረምት ካለፈበት ከእግሩ እያበጠ ይፈርሳል፣ ብሎኑም ቀዳዳው እየላላ ይወልቃል። አንዴ ካበጠ በኋላ ላደርግለት የምችለው ነገር የለም። በቀጥታ ከግንድ የወጣ እንጨት ግን ቢያብጥ ይደርቃል፣ ቢሰነጠቅ ይጣበቃል፣ ቢቧጨር በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል። ከእነዚያ ደኖች የተቆረጠውን ጽድና ኮሶ ዛሬ የማገኘው በእነዚህ አሮጌ ዕቃዎች ነው። አንዱ ተሰብሮ ማገዶ ሲሆን ባየሁ ቁጥር የሚያንገበግበኝ ለዚህ ነው።

ባለፉት ዓመታት የአዲስ አበባ ነባር ሰፈሮች በየተራ ፈርሰዋል፤ ልደታ፣ ኋላም በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. ፒያሳና ካዛንችስ። የተነሳው ሰው ከፊሉ ኮንዶሚኒየም ገባ፣ ከፊሉ ዛሬ ሸገር ከተማ ወደሚባለው ወደ እኛ አካባቢ መጣ። ኮንዶሚኒየም የገባው ቁም ሳጥኑን በደረጃው ማውጣት ሲያቅተው ለቁራሌው ሸጠው፤ ወደ እኛ የመጣው አይሱዙ ላይ ጭኖ ይዞት መጣ። ሰበታና ቡራዩ ውስጥ ከዚህ በፊት ያልነበረ የአሮጌ ዕቃ ብዛት ያለው በዚህ ምክንያት ነው። ከወጨጫና ከእንጦጦ ተቆርጦ ወደ ከተማ የወረደው እንጨት በኑሮ ግፊት ተመልሶ ወደ ተራሮቹ ግርጌ መጥቷል።

አንዲት እናት በቅርቡ ሥራ ቤቴ መጥተው፣ «ጋሼ፣ ይሄን ቁም ሳጥን ነጭ ቀለም ቀብተህ አዲስ አስመስልልኝ፤ ልጄ አሮጌ ነው ብላ አልፈልግም አለች፤» አሉኝ። «እትዬ፣ እስኪ መጀመሪያ አንድ ነገር ላሳይዎት፤» ብዬ በሩን ከውስጥ በኩል ጥቂት በብርጭቆ ወረቀት ፈተግሁት። ከጥቁሩ ቫርኒሽ ሥር ቀይ ቡኒ የዋንዛ መልክ ወጣ። ልጅቷን ጠሯት፤ አይታ ዝም አለች፣ ከዚያ «በዚሁ መልኩ ይሁን፤» አለች። ቀለም የተቀባ እንጨት ጉድለቱም ደም ግባቱም ይደበቃል፤ ቀለሙን መልሶ ማስለቀቅ ደግሞ አሠሪውን ብዙ ገንዘብ ያስወጣል። ስለዚህ የተቀባ ዕቃ ልትገዙ ስትሄዱ ባለቤቱን አስፈቅዱና ከማይታይ ቦታ ጥቂት ፈትጉ። ፈዘዝ ያለ ቢጫ ከሆነ ዝግባ ይሆናል፤ ቀላ ብሎ መዓዛ ካለው ጽድ፤ ጠቆር ያለ ቀይ ከሆነ ኮሶ።

ለልጄ ቤት ዕቃ ስንመርጥ የሄድኩበት መንገድም ይኸው ነው። መሳቢያውን ሙሉ በሙሉ አወጣሁት፤ ጠርዙ ጥርስ በጥርስ ተጋጥሞ ከሆነ የባለሙያ እጅ ነው፣ በምስማር የተመታ ከሆነ ዋጋው ይቀንሳል። ጀርባውን አዞርኩት፤ ኮምፔንሳቶው ቢላቀቅ በትንሽ ወጪ ይቀየራል፣ የጎን ሳንቃው ከተሰነጠቀ ግን ሥራው ብዙ ነው። ቀዳዳዎቹን አየሁ። የመርፌ ቀዳዳ የሚያካክል ብሱ ብቻውን አያስፈራም፤ ከሥሩ አዲስ ነጭ ዱቄት ከተገኘ ግን ነቀዙ አሁንም ውስጥ ነው፤ እንዲህ ያለውን ሳይታከም ሌላ እንጨት ካለበት ቤት አታስገቡ። መስታወቱ ጠርዝ ጠርዙን ጠቁሮ ከሆነ አትቀይሩት፤ ያ ጥቁረት የዕድሜው ነው፣ ፊትም ከመሃሉ በደንብ ይታያል። መሳቢያው ክረምት ላይ ቢይዝ ወዲያው አይላግ፤ በጋ ሲመጣ ይላላልና። ለጊዜው የሚሄድበትን ጠርዝ ሻማ ማሸት ይበቃዋል። ዕቃውን ከግድግዳው አንድ ጣት ራቅ አድርጋችሁ አቁሙት፤ ከእግሩ ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም ሴራሚክ አድርጉ።

በመጨረሻ የተስማማንበት ከካዛንችስ የመጣ ባለ ሁለት በር የዋንዛ ቁም ሳጥን ነው። ልጄ ቤት በር ላይ ሲደርስ አልገባም አለ፤ ተሸካሚዎቹ እግሩን በመጋዝ እንቁረጠው አሉ። አስቆምኳቸው። የዚያ ዘመን ቁም ሳጥን ሲሠራ ጀምሮ እንዲፈታ ተደርጎ ነው፤ ከላይ ያለው ዘውዱ ወደ ላይ ሲገፋ ይነሳል፣ በሮቹ ከማጠፊያቸው ይወጣሉ፣ ጎኖቹን ከወለሉ ጋር የያዙት ከውስጥ በኩል ያሉት ብሎኖች ናቸው። ፈታነው፣ አስገባነው፣ ውስጥ መልሰን ገጠምነው። እናንተም ስትፈቱ እያንዳንዱን ክፍል በጠመኔ ቀኝና ግራ እያላችሁ ምልክት አድርጉበት። ብሎኖቹን በጨርቅ ቋጥራችሁ መሳቢያው ውስጥ አኑሯቸው፤ አንዱ ከጠፋ ልኩን ማግኘት ያስቸግራል።